የቶሎሳ ጋሪና ባዶው ቆጠራ

ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ አንዲት ጥቁር ዕቃ ምክንያት የሰው ሕይወት ሊዞር ይችላል ቢባል፣ እኔም እንደ እናንተ ነገሩን ለማመን ማስረጃ እጠይቅ ነበር። ዛሬ ማስረጃው እኔው ስለሆንኩ አልጠይቅም። በሆነው ነገር የከሰሰኝ ሰው የለም፤ ሊከሰኝ የሚገባው ሰው እንኳን ሲያገኘኝ ትከሻዬን መትቶ ይስቃል። ከሳሽ የሌለው ክስ እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን በአንዲት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ናዝሬት ከተማ በሚገኝ አንድ የመስኖ ጥናት ጽሕፈት ቤት ተመድቤ እሠራ ነበር። መጽሐፍ ካገኘሁ ምሳ የምረሳ፣ አጭር ጥያቄ ለሚጠይቀኝ ሰው «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያልኩ የምመልስ፣ ሰው በሚስቅበትም የማልስቅ ወጣት ነበርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ቶሎሳ «መሪጌታ» የሚል ስም ያወጣልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ቶሎሳ የመቂ ልጅ ነው። በአማርኛ የጀመረውን ወግ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ከጋሪ ነጂ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፈገግታ ሰላም ይላል።

ሁለታችንን ያገናኘን በጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነበር። የውጭ አገር ባለሙያዎች ፕሮጀክታቸው ሲያልቅ ትተውት የሄዱት ነው። የናዝሬት አቧራ እንዳይገድለው መስኮቱን በአቡጀዲ ጋርደን፣ ጫማችንን በር ላይ እያወለቅን እንገባ ነበር።

ሥራው ከዓለም ጤናና ከመቂ ከተሞች በኩል የሚመጣውን የመሬት ልኬት ተቀብሎ፣ ውኃ በየቦዩ ምን ያህል እንደሚወርድና ለየትኛው የሽንኩርት ማሳ መቼ እንደሚደርስ ማስላት ነበር። ስሌቱን ፎርትራን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ግን አዝጋሚ ነበር። አንዱን ቦይ አስልቶ ለመጨረስ ቀኑንም ሌሊቱንም ይፈልጋል። መብራት ድንገት ቢጠፋ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ እንዳይሆን፣ የተደረሰበትን በየመካከሉ ወደ ዲስኬት የሚገለብጥ ሰው ከአጠገቡ መለየት የለበትም። ስለዚህ በፈረቃ እንሠራ ነበር፤ ቀን አንዳችን፣ ሌሊት ሌላችን።

ይህ ፈረቃ ለእኛ ከሥራም በላይ ነበር። ጊዜው ወጣት ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግበት፣ ቀበሌ ኮታ ለመሙላት ላይ ታች የሚልበት ነው። ሁለታችንም የቀረነው ኃላፊያችን ጓድ ሽፈራው ለቀበሌው ሊቀ መንበር «ከእነዚህ ልጆች አንዱን ብትነካብኝ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ከቆመ ውኃው ይቆማል» እያለ ስለሚሟገትልን ነበር። ነገሩ ሲጠቀለል፣ ከጦር ሜዳ የጋረደን የአንድ ማሽን ቀርፋፋነት ነው። እኔ ግን የሚያስጥለን ትጋታችን ይመስለኝ ነበር።

ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ቶሎሳ ቤዚክ በተባለ ሌላ የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈውን ጨዋታ ይከፍታል። አንድ ጋሪ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ወደ ባቡር ጣቢያ ይጓዛል፤ ተጫዋቹ ፈረሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያለ ከጉድጓድና ከአሰብ ከሚመጡ ተሳቢ መኪኖች ያተርፈዋል። ፈረሱ ከፊደልና ከሰረዝ የተሠራ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አራት እግሮቹ ወደ ሰማይ ይቆማሉ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ያሳየኝ ቀን አንዲት መስመር ዓይኔን ያዘችው። ፈረሱ አንድ እርምጃ ከተራመደ በኋላ፣ ማሽኑ ከአንድ እስከ አምስት መቶ ያለ ምንም ሥራ እንዲቆጥር ታዛለች።

«ይህ ባዶ ቆጠራ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ፈረሱን ለማዘግየት። ከሰው እጅ የፈጠነ ፈረስ ጨዋታ አይሆንም፣ መሪጌታ።»

ጓድ ሽፈራው ጨዋታውን በስብሰባ ላይ «የንኡስ ከበርቴ መዝናኛ» ብሎ ከልክሎት ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የሲጋራ አመድ እናገኛለን፤ እኛም ዘበኛውን እንጠረጥር ነበር።

ቶሎሳ በኦሮምኛ ኤሱማ የሚላቸው የእናቱ ወንድም ጋሼ ደበላ የመርከብ መካኒክ ነበሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ከአሰብ መጥተው ናዝሬት ባለችው የቶሎሳ የኪራይ ቤት ይሰነብታሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ማሽኑ አዝጋሚነት ሳማርር ሰምተው፣ መርከባቸው የሚቆምበት አንድ ወደብ የኮምፒዩተር ዕቃ እንደሚሸጥበት ነገሩን።

«ለልጁ ስጦታ ብዬ አመጣለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነው። ኪሴ ውስጥ አንድ ቢያዩ የሬዲዮ ዕቃ ነው እላቸዋለሁ፤ ሁለት ካዩ ነጋዴ ነህ ይሉኛል። አንዱን ቁረጡና ንገሩኝ።»

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው የማሽኑ አንጎል የሆነው ነባሩ ዋና ፕሮሰሰር ወጥቶ በቦታው የሚገባ ነው፤ ሁሉንም ነገር፣ ጨዋታውንም ስሌቱንም፣ በመጠኑ ያፈጥናል። ሁለተኛው ከዋናው ጎን ባዶ ሆኖ በቀረው ሶኬት ውስጥ የሚገባ የሒሳብ ረዳት ነው፤ ሌላውን ሳይነካ ስሌትን ብቻ በብዙ እጥፍ ያፈጥናል። ይህን በሥርዓት፣ አንደኛ ሁለተኛ እያልኩ አስረዳሁ።

«ገባኝ» አሉ ጋሼ ደበላ። «አንደኛው ሞተር መቀየር ነው፤ ሁለተኛው ላለው ሞተር ቱርቦ መግጠም።»

«በትክክል ቱርቦ ሊባል አይችልም፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ መርከቡን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ቱርቦ ነው።»

ቶሎሳ ሳቀና «እኔ ዋናው ይምጣ እላለሁ» አለ። «ጋሪዬ ትፍጠንልኝ።»

«የመንግሥትን ሥራ ለጋሪ ጨዋታ?» አልኩ። «የሒሳቡ ረዳት ቢመጣ የዓመቱን ዕቅድ በእጥፍ እንፈጽማለን። ዕቅዱን በእጥፍ ከፈጸምን ኮከብ ሠራተኞች እንባላለን። ኮከብ ሠራተኛን ደግሞ ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

ቶሎሳ ከእንጀራው ቆርሶ ወጡን እያጠቀሰ «ከአንድ መሥሪያ ቤት ስንት ኮከብ ነው የሚመረጠው?» አለኝ።

«አንድ።»

«እሺ። ለማወቅ ያህል ነው።»

ጋሼ ደበላ ሁለታችንን እያፈራረቁ አዩና «ታላቁ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሱ ነው» አለ ቶሎሳ። «በአንድ ክረምት።»

«እንግዲያው ታላቅ ይቁረጥ።»

ቆረጥኩ። የሒሳቡ ረዳት ይምጣ አልኩ። ጋሼ ደበላ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ፣ ግድግዳው ላይ ባለው የበኩር ልጃቸው ፎቶግራፍ ፊት እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆም ብለው አለፉ። ልጁ ወደ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል፤ ስለ እሱ በዚያ ቤት አይወራም ነበር።

ዕቃዋ የመጣችው ከወራት በኋላ፣ በአንዲት ሞቃት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ይዘጋል፤ ማሽኑም ያርፋል። ጋሼ ደበላን ጫማቸውን አስወልቀን ወደ ክፍሏ አስገባናቸው። ከኪሳቸው የሲጋራ ፓኮ አወጡ።

«ሲጋራ አጭሼ አላውቅም» አሉ። «ለእናንተ ስል የስንቱን ወደብ ጉምሩክ ሲጋራ ጋበዝኩ።»

ዕቃዋ በብር ወረቀት ተጠቅልላ ከሲጋራዎቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። የማሽኑን ክዳን ፈታሁ። በአንድ ጫፏ ያለውን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አመሳስዬ፣ እግሮቿ እንዳይታጠፉ ትንፋሼን ውጬ በሁለት አውራ ጣቶቼ ተጫንኳት። ቶሎሳ የእጅ ባትሪ ያበራልኛል። ጋሼ ደበላ ዘበኛውን ልከው ሻይ አስመጡ።

ከዚያ ማሽኑን አስነሣሁ፤ ከነበሩን ቦዮች ረጅሙን መርጬ ስሌቱን አስጀመርኩ። እንደ ልማዴ ለመገልበጥ ዲስኬት አዘጋጅቼ ወንበር ሳብኩ። ገና ሳልቀመጥ ቁጥሮቹ እየተከታተሉ መውረድ ጀመሩ። ስሌቱ ያበቃው የጋሼ ደበላ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። ቀድሞ ከተገኘው ውጤት ጋር አመሳከርኩት፤ አንድም ልዩነት አልነበረም።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ዛሬ ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል። ባለመሳቅ የምታወቀው እኔ ሳቅሁ።

ጋሼ ደበላ «ቱርቦ ነው አላልኩም?» ብለው ሻያቸውን ጨለጡ። የአሰላ መኪና እንዳያመልጣቸው፣ ሁሩታ ያለች እኅታቸውን ሊጠይቁ ተሰናብተውን ወጡ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ቶሎሳ የእጅ ባትሪውን እንዳበራ ቆሞ ነበር።

«አውጣት» አለኝ።

«ምን?»

«ዕቃዋን አውጣት። ሰኞ ጓድ ሽፈራው ሳያያት።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም ነበር።

«ቶሎሳ፣ ጋሼ በባሕር አሻግረው ያመጧትን…»

«ሥራው ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያልቅ ከሆነ የሌሊት ፈረቃ ለምን ያስፈልጋል? የሌሊት ፈረቃ ከሌለ ሁለት ሰው ለምን ያስፈልጋል?»

«ሥራው ሲፈጥን ሥራ ይጨመራል። የወለንጪቲው ጥናት አለ፣ የ…»

«የወለንጪቲው ጥናት በጀት ሲመጣ ነው። የቀበሌው ኮታ የሚመጣው ነገ ነው።»

እኔም የማይረባ ክርክር አመጣሁ። «ይህን ካሰብክ በዚያ ቀን ለምን አልተናገርክም? ስለ ጋሪህ ብቻ ነው ያወራኸው።»

ቶሎሳ ባትሪውን አጠፋው።

«መሪጌታ፣ ባዶ ቆጠራዋን አሳይቼሃለሁ እኮ። ዋናው ፕሮሰሰር ቢፈጥን ቆጠራውም ይፈጥናል፤ ፈረሱ ከእጄ ያመልጣል። ጨዋታዬ ይበላሻል። ለጨዋታዬ የማይበጀኝን ለጨዋታዬ ብዬ የጠየቅሁት ለምን ይመስልሃል? ስሌቱ ብዙም እንዳይፈጥን ነዋ።»

እውነቱን ነው። ያችን መስመር በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ከአፉ ሰምቻለሁ። ፕሮግራም ጻፊ ነኝ የምል ሰው ነገሩን አገናኝቼ ለማየት አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ስለ ጨዋታ የሚያወራ ሰው ከጨዋታ በላይ ያስባል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

«ታዲያ በግልጽ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«በኤሱማ ፊት? ልጁ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ፊት፣ ‹እኔ እንዳልዘምት ማሽኑ አይፍጠን› ልበል?»

ከውጭ የጋሪ ደወል ይሰማ ነበር። ቶሎሳ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማውጣቱ ከከበደህ አታውጣት። ባዶ ቆጠራ እንጨምርበት። በስሌቱ መካከል አንዲት መስመር። ውጤቱ ያው ነው፣ ትክክል ነው፤ የሚዘገየው ብቻ ነው። አንተ የጻፍከው ስለሆነ ሌላ ሰው አያየውም።»

አንባቢ ሆይ፣ የዚያን ሰዓት እኔነቴን ልደብቃችሁ አልችልም። «ይህ ማጭበርበር ነው» አልኩት። ስለ ሐቀኝነት ተናገርኩ። ውኃ የሚጠብቀው ገበሬ ምን ይሆናል አልኩ። ቶሎሳም «ቦዩ ገና አልተቆፈረም፤ ዶዘሩ ከተበላሸ ዓመቱ ነው» ሲል መለሰልኝ፤ ልክ ነበር። እኔ ግን ያነበብኩትን ሁሉ ደረደርኩ። አንደኛ አልኩ፣ ሁለተኛ አልኩ። ቶሎሳ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ በትዕግሥት ያዳምጠኛል። በአቡጀዲው ላይ ያረፈው ፀሐይ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በመጨረሻ «እናቴ ያለ እኔ ሰው የላትም ብዬ አልለምንህም» አለኝ። «ያንተም እናት እንደዚያው ናት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከሁለታችን አንዳችን የሚሄድ ቢሆን፣ ማን ይመስልሃል የሚሄደው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ስሌቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«እሺ» አልኩ። «ጉልበቴን ጨረስከው። እሺ።»

ዞሬ የስሌቱን ጽሑፍ ከፈትኩ። ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ነበሩ፤ የመስመሩን መጀመሪያ ጽፌአለሁ። በዚያች ቅጽበት የበሩ ቁልፍ ከውጭ ሲዞር ሰማን።

ጓድ ሽፈራው በካልሲ ቆሞ ነበር። በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው የተለኮሰ ሲጋራ ይዟል። የሰኞ ጠዋቱ አመድ የማን እንደሆነ በዚያ ሰዓት ገባን። እሱም እንደገባን ገባው።

«ማሽኑን… ሙቀት እንዳይጎዳው ልቃኝ ብዬ ነው» አለ።

«እኛም እንዲሁ፣ ጓድ» አለ ቶሎሳ።

ኀፍረቱን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ ጓድ ሽፈራው በፍጥነት ወደ ጠረጴዛው መጣ። የተፈታውን ክዳን አየ። ሁለተኛዋን ጥቁር ዕቃ አየ። የረጅሙ ቦይ ውጤት በጠረጴዛው ላይ፣ እኔው በደስታ ባተምኩት ወረቀት ተዘርግቶ ነበር።

«ይህ መቼ ተጀመረ?»

ቶሎሳ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ዛሬ» አልኩ።

«ዛሬ ተጀምሮ ዛሬ አለቀ?»

ሲጋራውን ወርውሮ አቀፈኝ። ቶሎሳንም አቀፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም መመስከር አለብኝ። በዚያ ዓመት ከበላዮቹ ጥሩ ቃል ሰምቶ የማያውቅ፣ የሚያሳየው አንድ ነገር ያገኘ የደከመ ሰው ነበር። እንዲያውም በደስታው ብዛት «እስቲ ጋሪዋን ክፈቱልኝ» አለ። ቶሎሳ ከፈተለት። ጓድ ሽፈራው እንደ ሁልጊዜው ሊሆን ይችላል፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ገባ፤ የፈረሱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆሙ።

«ይቺ ጉድጓድ አልታለፍ አለችኝ» አለ።

«ቀስ ብለው ይዩአት፣ ጓድ» አለው ቶሎሳ። «አይቸኩሉ።»

ሰኞ ጓድ ሽፈራው ውጤቱን ይዞ ወደ በላዮቹ ሄደ። በዚያው ሳምንት ጠርቶን ዓይናችንን ሳያይ ተናገረ። ማሽኑ አንድ ሰው እንደሚበቃው ራሱ ባቀረበው ሪፖርት ታውቋል፤ ቀበሌውም ሰምቷል፤ ከእንግዲህ ለሁለታችሁም ልሟገት አልችልም አለ። «ጓድ፣ የወለንጪቲው ጥናት…» ብዬ ጀመርኩ። ቶሎሳ ክርኔን ነካ አደረገኝና «ስሌቱን የጻፈው እሱ ነው፣ ጓድ። እሱ ይቅር» አለ።

«እኔ ልሂድ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እንደነበር ስናገር ሰው ያጽናናኛል። ጉሮሮ ድረስ የመጣ ቃል ግን ለማንም አልጠቀመም።

ቶሎሳ በሄደበት ቀን ዘማቾቹ በቀበሌው ግቢ ተሰልፈው ነበር። የጋሪውን ዲስኬት በእጄ አስያዘኝ። «ቁጥሯን እንዳትነካብኝ» አለ። «ጓድ ሽፈራውንም ጉድጓድ ላይ ጥለኸው እንዳትቀር።» አውቶቡሱ ሲነሣ እጁን አወጣ፤ አቧራው ብዙ ስለነበር የማንን እጅ እንዳየሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

በዓመቱ መጨረሻ ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ። ፔርሙዝ ተሸለምኩ። ቡና ጨምሬበት አላውቅም፤ ሻይም አልቀዳሁበትም። ቦዩም ሳይቆፈር መንግሥት ተለወጠ።

ቶሎሳ ከለውጡ በኋላ ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሳቁን እንደያዘ ተመለሰ። ቀኝ ጆሮው ግን አይሰማም። ዛሬ ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያመጣ ይነግዳል፤ ናዝሬት በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል። የጋሼ ደበላ ልጅ አልተመለሰም።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ሐቀኝነትን መጥላት አላስተማረኝም። ያስተማረኝ፣ በማን ወጪ ሐቀኛ እንደምሆን አስቀድሜ መጠየቅን ነው። ክርክር ሲጀመር ዛሬም አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት ይቀናኛል፤ ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ግን ፀሐዩ በአቡጀዲው ላይ ሲዞር ይታየኛል። «እሺ» ያልኩት ግድግዳው ላይ ከደረሰ በኋላ ነበር። ቀደም ብዬ «እሺ» ብል ኖሮ ያችን መስመር ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ነበረን። እናንተም ስለ ቀልድና ጨዋታ የሚያወራ ወዳጅ ካላችሁ፣ ከጨዋታው በስተጀርባ የሚለምናችሁ ነገር እንዳለ አንድ ጊዜ ጠይቁት።

ባለፈው ወር ቶሎሳ አሁን ወደምሠራበት ቢሮ መጣ። ማሽናችን አዲስና ፈጣን ነው። የጋሪውን ዲስኬት ካስቀመጥኩበት አውጥቼ ከፈትኩለት። ፈረሱ እጁ ሳይደርስበት ጉድጓድ ገባ። ቶሎሳ ሳቀብኝ። ያችን መስመር ፈልጌ ከአምስት መቶ ወደ ብዙ ሺህ አሳደግኳት፤ ፈረሱ እንደ ድሮው ዝግ ብሎ መራመድ ጀመረ።

እሱ አጎንብሶ ሲጫወት በቀኙ በኩል ቆሜ፣ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝግታ ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት። ስጨርስ ጥላዬን አይቶ ይመስለኛል፣ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ።

«ምን አልክ፣ መሪጌታ?»

«ምንም» አልኩ። «ጉድጓዱን ተጠንቀቅ።»